ከድልድዩ ማዶ የተሰካው ካርድ

ራድካ ማሽኑን እንደገና አስነሳችው። ተነሣ፤ ኔትወርክ ግን የለውም። የኔትወርክ ካርዱ ተሰክቷል፣ ይታያል፣ ስሙ ብቻ ትናንት የነበረው አይደለም። ማሽኑ የገዛ ካርዱን እንደ ባዳ ቆጥሮ አድራሻ ነፍጎታል።

ማሽን ሲባል የሚዳሰስ ብረት እንዳይመስላችሁ። ብርኖ ከተማ ያለው የነራድካ ቢሮ የሚሠራው በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተር የሚያኖር ፕሮግራም ነው። እነዚህ የሶፍትዌር ማሽኖች ሳይጠፉ ዲስክ ወይም ካርድ እንዲሰካላቸው፣ ያውም በዋናው መስመር ላይ ሳይሆን 'ድልድይ' ከሚባለው ማገናኛ ማዶ ባለው ቅርንጫፍ፣ ራድካ ሁለት ዓመት ለፍታለች። በአዲሱ እትም ሥራዋ ለሁሉም ሰው ሳይጠየቅ እንዲበራ ያስወሰነችው ራሷ ናት። የክፍሉ አንጋፋ ኦልድሪች፣ አንድ እትም ጠፍቶ ይክረምና የፈለገ ያብራው ብሎ መክሯት ነበር፤ አልሰማችውም።

ጠዋት ቭላስቲሚል የተባለ ሰው ጻፈ። በየሴኒክ ከተማ የአንድ እንስሳት ሐኪም ቤት ኮምፒውተሮችን የሚጠብቅ ነው። የሙከራውን እትም ጭኗል፤ ማሽኖቹ በሙሉ ተነሥተዋል፤ አንዱም ግን አይመልስለትም። ራድካ ከዚያ ወዲህ ከወንበሯ አልተነሣችም።

ምክንያቱን አገኘችው። ሥራዋ ሲበራ ለየካርዱ አዲስ የቦታ ቁጥር ይሰጣል፤ ማሽኑ ደግሞ ለካርዱ ስም የሚያወጣው ከዚያ ቁጥር ነው። ማረም የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ እትሙ ደግሞ ነገ ይወጣል። በዚህ ሰዓት አዲስ ነገር አይገባም፤ የሚፈቀደው የተበላሸውን መንቀል ወይም ማጥፋት ብቻ ነው። ሕጉን ስንቱ ላይ ስትጠቅሰው ኖራለች።

ኦልድሪች ከምሳ ሲመለስ አይብ የገባበት ዳቦ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ። ይልቅ ብዪ።"

"ኦልድሪች፣ ሳምንት ቢሰጡኝ አስተካክለዋለሁ።"

"አይሰጡሽም። እኔም ብሆን አልሰጥሽም።"

"እና ምን ላድርግ?"

"ምን ታደርጊያለሽ፤ 'ይብራ' የሚለውን 'ይጥፋ' ትይዋለሽ። አንድ ቃል ናት።"

ሆድ ባሳት። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። የሚወቀስ ሰው ቢኖር ትወቅስ ነበር፤ ግን ማንም አልበደላትም።

አሠራሩም ጨካኝ ነው። ማረሚያ የሚልክ ሰው ጥፋቱን ያመጣው የትኛው ሥራ እንደሆነ ከግርጌ ይጽፋል፤ የባለቤቱም ስም አብሮ ይታያል፣ ዓለም ያነበዋል። ኦልድሪች ይህን አስቦ መሆን አለበት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከፈለግሽ በኔ ስም ልላከው። ራስሽን በራስሽ ከምትከሺ።"

"ተወው። ያበራሁት እኔ ነኝ።"

'ይብራ' የሚለውን 'ይጥፋ' ብላ ለወጠች። ከግርጌ የራሷን ሥራ ጠቀሰች። ከዚያ ማብራሪያውን ጻፈች፦ "ማሽኖች ኔትወርክ እያጡ ስለሆነ ለጊዜው ይጥፋ።" ኦልድሪች ከኋላዋ ቆሞ አነበበና ይበቃል አላት።

እሷ ግን አልላከችውም። ሥራዋን በትክክል ማስተካከሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቢያልቅስ ሁለተኛ ይብራ የሚላት ሰው መኖሩን አታውቅም። ቭላስቲሚል ይህን አንብቦ ይጠብቃል። "ለጊዜው" የምትለዋን ቃል አጥፍታ ላከችው።