ቅቤ የነካው መስታወት

ዶክተር ዑስማን የሽፋኑን መጽናት ለመፈተን የለጠፉትን ፕላስተር ከመስታወቱ ላይ ላጥ ሲያደርጉት ከጥቁሩ ስስ የካርቦን ሽፋን ቁራጭ አብሮ ተነሣ። መስታወቱን ያዘጋጀችው ስደተኛዋ ናጽነት ጠጋ ብላ አየች። ዶክተሩ በገዳሪፍ ይህን ቤተ ሙከራ የከፈቱት ከካርቱም ጦርነት ባተረፉት ሌዘር ነው፤ ሽፋኑ ለጸናለት ሰው ከካምፕ ወጥቶ ከተማ የሚያሠራ ደብዳቤ እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ የእሷ መሆኑንም የተጠራጠረ አልነበረም።

«መኣሾ!» ሲሉ ዶክተሩ ጮኹ። መኣሾ የካምፕ ጎረቤቷ ነው፤ ሽፋኑ የሚሠራበትን የብረት ሳጥን የሚያሽገው እሱ ነው። «ክዳኑን አላጠበቅኸውም። አየር ገብቶ ከአርጎን ጋዙ ጋር ተቀላቅሏል። ኸላስ፣ በቃህ፤ የበሩን ቁልፍ አስረክበህ ሂድ።»

«ማርያምን አጥብቄዋለሁ፣ ያ ዶክቶር!» አለ መኣሾ፣ በዓረብኛ አጠራር እየጠራቸው።

ናጽነት መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሌዘሩ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ግራፋይት በመታው ቁጥር የሚተነው ካርቦን፣ በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ ቀንሶ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ተለጥፏልም። አየር ገብቶ ቢሆን ሁሉም በተላጠ ነበር፤ የተላጠው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅርጹም የአውራ ጣት ነው።

ትናንት መንደር 8 በተባለው የስደተኞች ሰፈር፣ ለእህቷ ልጅ ክርስትና፣ እናቷ አናቷን ቅቤ ቀብተዋታል። ጠዋት ሙቀቱ ሲያቀልጠው ጓንት እንዳጠለቀች ሻሿን አስተካከለች፤ በዚያው እጇ መስታወቱን ያዘች። አሥር ዓመት ፊዚክስ ያስተማረች ሴት!

አሁን በአልኮል ብትጠርገው ማን ያያል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ማደሪያ ጊዜ ግን የለም። የጀነሬተሩ ጃዝ፣ ያው ናፍጣው፣ የሚበቃው ለአንድ ሙከራ ነው፤ መኣሾም ቁልፉን ከአንገቱ እያወለቀ ነው። እንዲህ በቀላሉ ማውለቁ አናደዳት። ከእሱ ይበልጥ ራሷን ጠላች።

«የእኔ ጣት ነው» አለች። «ቅቤ ነበረበት።»

ዶክተሩ መስታወቱን አዩ፤ አውራ ጣቷን አዩ። «የቀረን አንድ መስታወት ነው። ማን ሳጥኑ ውስጥ ያስገባው?»

«መኣሾ። እኔ ከነቅቤዬ ውጭ ልቁም» አለች።

በሩ ተዘጋ። ሌዘሩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ እሷም ግድግዳ ተደግፋ ምቱን ትቆጥራለች። ጀነሬተሩ አንዴ ሳለ፣ ደግሞ ሳለ፤ ከሦስተኛው ሳል በኋላ ጃዙ አልቆ ቆመ። ለሽፋኑ የሚያስፈልገው የሌዘር ምት ሊሞላ ስንት እንደቀረው ቆጠራው ጠፋባት። ከዚያ ፕላስተሩ ላጥ ሲል ሰማች።

«ጸንቷል!» አሉ ዶክተሩ፤ ወረቀትም ተንኮሻኮሸ። «መኣሾ፣ የአባትህ ስም ማን ነው?»

«ደብዳቤው የናጽነት ነው» አለ መኣሾ።

«ያ መኣሾ፣ የአባትህ ስም!»

ናጽነት ወደ በሩ ጠጋች። ደብዳቤውን ፈልጋው ነበር፤ አሁንም ትፈልገዋለች።

«ገብረእግዚኣብሄር» አለች ከበሩ ውጭ። «መኣሾ ገብረእግዚኣብሄር ነው።»