ጣራ ገዳም በብልቃጥ

«ጠመንጃ የለው፣ ፈረስ የለው፣ ካባ የለው። ነገ ታዲያ ምን ይዘን እንውጣ?» አለች ትዝታ፣ የንፍሮውን ሰፌድ ጉልበቷ ላይ እንዳስቀመጠች።

ወንድሟ ዳኛቸው የተቀበረው ትናንት ነው፤ ነገ ሣልስቱ። በሣልስት በዚህ አገር የሟች ዕቃ ከቤት ይወጣል። አልቃሽ ከፊት፣ ዕቃውን የያዘ የቅርብ ሰው ከኋላ ሆነው ድንኳኑን እየዞሩ፣ የሞተው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ለለቀስተኛው ይናገራሉ። ለገበሬ ሞፈሩ፣ ለአዳኝ ጠመንጃው፣ ለቄስ መስቀሉ ይወጣል። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ በኮምፒውተር የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ለኖረ፣ ሚስት እንኳ ላላገባ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ምን እንደሚወጣ ግን የደነገገ የለም።

«ኮምፒውተሩን አውጡለት» አለ አንዱ ካግዳሚው ላይ።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የሰው ክስና አቤቱታ ነው። የራሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበረው» አለች ትዝታ። «ሣጥኑን ነው የማወጣው።»

 አንድ ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ወዲያ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ተያይተው አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከልቅሶ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

«የምትይዘው አንተ ነህ፣ ሙላቴ» አለች ትዝታ። «ካንተ የቀረበ ጓደኛ አልነበረውም።»

ሙላቴ ያፈሰው ንፍሮ እጁ ላይ ቀረ።

ሙላቴ በውሸቱ የታወቀ ሰው ነው። ገሳይ ላይ አንድ ድንች ተቆፍሮ፣ ላም ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ጠፍታ፣ ከሦስት ወር በኋላ ጥጃዋን አስከትላ ወጣች ብሎ በቅዱስ ጊዮርጊስ የማለ እሱ ነው። የጉና ንፋስ የአንድ ቄስ ጥምጥም ፈትቶ አዲስ ዘመን ድረስ ከወሰደ በኋላ ተጸጽቶ መልሶ ጠመጠመላቸው ያለውም እሱ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ለምን እንዳቋረጠ ሲጠየቅ አራት ዓይነት መልስ አለው፤ በአራቱም መልስ ውስጥ የሚሮጡት መምህሩ ናቸው።

ይህን ሁሉ ዳኛቸው የጽሕፈት ክፍሉ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ይሥቃል። ሥቆ ሲያበቃ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና «ሌላስ?» ይላል። «ሌላስ የምትነግረኝ የለም?» በተለይ ባለፈው አንድ ዓመት ይህችን ጥያቄ አብዝቷት ነበር። ሙላቴም ሰውየው ወሬ አልጠግብ ያለ ይመስለውና አንድ ድንች ይጨምርለታል።

ሣጥኑ ደብረ ታቦር የገባው በ1994 ዓ.ም. ነው። ዳኛቸው ኮምፒውተር ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ነጋዴው ምራቂ ብሎ ሰጠው። የጫማ ካርቶን የሚያክል ነጭ ፕላስቲክ፣ ፊቱ እንደ ሬዲዮ የተበሳሳ። ነጋዴው እንዳለው፣ ባሕር ማዶ አንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ሥዕልና ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ ሽታም ይስጥ ብሎ ነው የሠራው፤ አበባ ሲታይ አበባ፣ ባሕር ሲታይ ባሕር እንዲሸት። ሰው ግን «ማሽተት ሲያምረኝ አፍንጫዬን ይዤ እወጣለሁ» አለና አልገዛም። ኩባንያው ተዘጋ፣ ሣጥኖቹም በየመጋዘኑ ተጥለው ቀሩ። ዳኛቸው ቤቱ ወስዶ ቢሰካው የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ሌላ ሰው ቢሆን ዶሮ ያስተኛበት ነበር።

እሱ ግን ዓይነ ስውር አባት አለው። የኔታ ገብረየሱስ የድጓ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኮምፒውተሩ የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ሥዕሉን እያየ ጉድ ሲል፣ እሳቸው ዳር ተቀምጠው «ምን ይታያል?» ይሉ ነበር። አንዱ ሊነግራቸው ይጀምርና በሚቀጥለው ሥዕል ይረሳቸዋል።

ዳኛቸው በሳምንቱ ሣጥኑን ፈታው። የደረቀውን ዕቃ አውጥቶ ጣለ፣ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጦች ቀቅሎ ስድስት አድርጎ ሰካበት፣ በየብልቃጡ ጥጥ ጨመረ፣ ትንሿን ማራገቢያ ጠገነ። ከዚያ ሽታ ፍለጋ ወጣ። የብርቱካን ልጣጭ ጨመቀ። ጭድ በዘይት ዘፈዘፈ። ለሦስተኛው ብልቃጥ ደግሞ ጣራ ገዳም ሄዶ ሦስት ቀን አድሮ መጣ፤ ሲመለስ ጓደኞቹ ሣቁበት፤ ከገዳም ጠበል ይመጣል እንጂ የጥድ ቅርፊትና እርጥብ አፈር በፌስታል ተሸክሞ የመጣ አልታየማ። ብልቃጦቹ ላይ ስም አልጻፈም። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ብቻ። የትኛው የምን ሽታ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም፤ ለሙላቴም።

ሙላቴ ሣጥኑን ሊያመጣ የጽሕፈት ክፍሉን የከፈተው በዚያው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ነው። ሣጥኑ ጠረጴዛው ሥር፣ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አቧራውን ጠረገና ክዳኑን ከፈተ። አምስት ብልቃጥ አለ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው።

«ሰብሮ ጥሎታል» አለ ለራሱ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ።

የዛሬ ዓመት፣ ዳኛቸው ሣጥኑን ሊያሳይ ሰው የጠራ ቅዳሜ፣ ሙላቴ ሲነሣ ምንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ወደ ፍየል ተራ ወርዶ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያስነጥስ አንድ ወጠጤ መርጦ፣ ጺሙን በጥጥ ሲያሽ ባለፍየሉ «ምን ልታደርገው ነው?» ቢለው «ለሙሽራ ሽቶ» ብሎ አሥቆት ነው የተመለሰው። ከዚያ ዳኛቸው ወንበር ሊዋስ ሲወጣ፣ እጁ ቀድሞ ከነካው ብልቃጥ ጥጡን አውጥቶ የወጠጤውን ጨመረ። ቁጥር ሦስት ነበር። ሰው ይሥቃል፣ ዳኛቸውም ይሥቃል፣ ከዚያ እውነተኛውን ጥጥ ከኪሴ አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ ነገሩ ይህ ነበር።

ስድሳ ሰው ያህል ተሰበሰበ። የኔታን ከበር ተቀብሎ እጃቸውን ይዞ ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጣቸውም ራሱ ሙላቴ ነው። ብርቱካኑ ብርቱካን ሸተተ፤ ሰው አጨበጨበ። ጭዱ ዐውድማ ሸተተ፤ አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ዳኛቸው ከዚያ አባቱ እግር ሥር ተንበረከከ። የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የጫካ ሥዕል መጣ።

«አባዬ» አለ፤ «አሁን ጣራ ገዳም ነን። ተማሪ ሳሉ፣ ዓይን ሳለዎት፣ ዝናብ አባርቶ።»

ማራገቢያዋ ዞረች።

«ጣራ ገዳም ወጠጤ መነኮሰ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የማንንም ቃል አልሰማም። ሰው እስኪያነባ ሣቀ። ሙላቴ ኪሱ ውስጥ ያለውን ጥጥ ጨብጦ የዳኛቸውን ፊት አየ። ያየውን አይቶ ጥጡን ማውጣት አቃተው። ነገ፣ አለ። ነገ ደግሞ ነገ ሆነ፤ ጥጡም ኪሱ ውስጥ ደርቆ ሽታው ጠፋ። ከተማው ዳኛቸውን «ወጠጤው» ማለት ጀመረ። ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሁሉ «ወጠጤው አለ?» ብሎ ይገባል። እሱም «አለሁ» ይላል። ሣጥኑን ግን ጆንያ አልብሶ ጠረጴዛ ሥር ከተተው፤ ዳግመኛም አልነካው።

ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ጊዜ ወደ ጎንደር የወሰዱት በላንድክሩዘር ነው። ሙላቴ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። እንዳይተኛበት ብሎ፣ ወረታ ላይ ትንኝ ሰው ተሸክማ ስትሄድ አይቻለሁ፣ ክብደት ሲበዛባት ቦርሳውን ጣለችለት አለው። ዳኛቸው ከንፈሩ ደርቆ ፈገግ አለ። «ሌላስ?» አለ። ሙላቴ ሌላ ትንኝ አመጣ። መኪናው ይፋግ ሲደርስ የሚሰማው ሰው በሕይወት አልነበረም።

ትዝታ የጽሕፈት ክፍሉ በር ላይ ቆማ ኖሯል። «አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ሙላቴ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።» መሬት ላይ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «ዓመት ሙሉ ሣቁበት። በቀብሩ ዕለት እንኳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ‹ምስኪን ወጠጤው› ሲሉ ሰምቻለሁ። ነገ እንዳይሥቁበት አድርግልኝ። አንተ ካልቻልክ ማንም አይችልም።»

ሙላቴ አፉን ከፈተ። አፉ ውስጥ እውነቱ ነበረ፤ እንደ ትኩስ ድንች አገላበጠውና ዋጠው። «እሺ» አለ ብቻ።

በማግስቱ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ድንኳኑ ሞላ። አልቃሿ ዘነበች ነጠላዋን አገልድማ ከፊት ቆመች፤ ሙላቴ ሣጥኑን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ተከተላት። የኔታ በአግዳሚው ጫፍ፣ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል።

«ሰው በጠመንጃው፣ በጋሻው ሲለቀስ፣
የእኔማ ዳኛቸው በምኑ ይወደስ?»

አለች ዘነበች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ከኋላ በኩል አንድ የታፈነ ሣቅ ፈትለክ አለ፤ ከዚያ አንድ ሌላ። ትዝታ ዓይኗን ጨፈነች። ሙላቴ ቆመ።

«በዚህ ይወደስ!» አለ ሣጥኑን ከፍ አድርጎ። ድምፁ የራሱ ድምፅ አይመስልም። «ይህ ሣጥን ደህና ይሠራ ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የወጠጤ ጺም በጥጥ አሽቼ ብልቃጡ ውስጥ የጨመርኩ እኔ ነኝ። እሱ ለአባቱ ጣራ ገዳምን በብልቃጥ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። የሣቃችሁት በእኔ ሥራ ነው። ወጠጤው እኔ ነኝ!»

ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ አቶ ሞላ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ተነሡ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ። ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው። የጓደኛውን ውርደት ራሱ ላይ ጫነው፤ አያችሁ?»

«አልዋሸሁም ጋሼ ሞላ! በቅዱስ ጊዮርጊስ!»

«በድንቹም ጊዜ በጊዮርጊስ ነበር የማልከው» አለ አንዱ፤ ድንኳኑ እንባውን ሳያቋርጥ ሣቀ። ሣቁ ግን ደግ ሣቅ ነበር። ሴቶቹ ሙላቴን ጉንጩን እየሳሙ መረቁት፤ ትዝታም አንገቱን አቅፋ «አደረግክልኝ» አለችው። ማንም በዳኛቸው አልሣቀም። ማንም ደግሞ ሙላቴን አላመነም። በዕድሜው አንድ ጊዜ እውነት ተናገረና፣ ያችኑ ከውሸቶቹ ሁሉ ያማረች ውሸት ብለው ወሰዱለት።

ለቀስተኛው ለምሳ ሲነሣ የኔታ በበትራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«ሙላቴ። ወዲህ ና።»

አጠገባቸው ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ፈልገው አገኙት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ዛሬስ ንፍሮ ነው» አሉ። «ያን ቅዳሜ እጄን ይዘህ ስታስቀምጠኝ እጅህ ወጠጤ ወጠጤ ይሸት ነበር። ሣጥኑ ገና ሳይከፈት።»

ሙላቴ እጁን ሳብ አደረገ። «ያውቁ ነበር? ታዲያ ለእሱ ምነው ሳይነግሩት ቀሩ፣ የኔታ?»

«ያኑ ዕለት ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«‹አባዬ፣ እኛ ቀድመን አንጠይቀው፤ ራሱ ይነግረኛል› አለ። ‹ሙላቴ ሁሉን ይነግረኛል። እስኪነግረኝ ሣጥኑን አልነካም፤ ሲነግረኝ አብረን ጣራ ገዳም ሄደን ሌላ እናመጣልዎታለን።› እየጠበቀህ ነበር ልጄ። ማታ ማታ ሲገባ ‹ዛሬስ?› እለዋለሁ። ‹ዛሬም ድንች ነው› ይለኛል።»

«ሌላስ?» የሚለው የዳኛቸው ድምፅ ሙላቴ ጆሮ ውስጥ ተነሣ፤ በሩ ላይ ያለው፣ ላንድክሩዘሩ ውስጥ ያለው። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

የኔታ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው አንዲት ብልቃጥ አወጡ። አፏ በሰም ታሽጓል። ወረቀት ተለጥፎባታል፤ የዳኛቸው ጽሕፈት፣ በእጅ፣ እንደ ማመልከቻ የጠራ፦ «ቁጥር 3። ሙላቴ ሲናገር የሚከፈት። ሦስታችን ባለንበት።»

«እንድጠብቅለት ሰጠኝ። ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክፈታት።»

ሰሙን በጥፍሩ ፋቀው። ቡሹን ሲነቅለው ከእጁ አምልጦ ድንኳኑ መሬት ላይ የተነጠፈው ገለባ ውስጥ ጠፋ። የኔታ አፍንጫቸውን ወደፊት አደረጉ።

«ወጠጤ» አሉ በቀስታ። «እንዳለ ነው።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሣቅ ይሁን ማልቀስ ሙላቴ አላወቀም፤ የራሱንም አላወቀም። ሽታው ግን እየሳሳ እንደሆነ ታወቀው። ዳኛቸው በእጁ አሽጎ ዓመት ያቆየለት ይኸው ሽታ ብቻ ነበር፤ እሱም በድንኳኑ ቀዳዳ ሊሄድ ነው። ቀኝ አውራ ጣቱን ብልቃጧ አፍ ላይ አድርጎ ጫነ።

ትዝታ ለምሳ የእጅ ውሃ ይዛ መጣች። የኔታን አስታጠበቻቸውና ወደ እሱ ዞረች፤ ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ጠበቀችው።

ሙላቴ ግራ እጁን ብቻ ዘረጋ።