የመደወያው ሰዓት

ኤልደን ካርታውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጓል። ሚስቱ ቨርላ ጀርባዋን ሰጥታው ሳህን ታጥባለች። ባሏ ከጓደኛው ከሮስኮ ጋር ወደ ደረቁ ሸለቆ በሚወርደው የእግር መንገድ ሊሄድ ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ ወጥቶ እሑድ ሳይመሽ ሊመለስ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሁሉም ነው ማለት ነው፣ የማንም አይደለም ማለትም ነው። እዚያ ጠባቂ የለም፣ ስልክም አይሠራም።

ባልና ሚስቱ በውሃውም፣ በትርፍ ጎማውም፣ በስንቁም ተስማምተዋል። የቀራቸው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ ሁለቱም ሲሸሹት ነው ያመሹት። በኔቫዳ ወደ በረሃ የሚገባ ሰው ቤት ለሚቀረው ሰው ሰዓት ይሰጣል፤ እስከዚህ ካልመጣሁ ለሸሪፉ፣ ለአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ደውል ይላል።

"ሰኞ ቀትር ላይ" አለ ኤልደን፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ።

ቨርላ ዞረች። "እሑድ እገባለሁ እያልክ ሰኞ ቀትር? እስከዚያ እኔ ምን ልሁን?"

"ተኚ።"

"አልተኛም። እሑድ ልክ ሲመሽ እደውላለሁ።"

"አምና ደውለሽ አየነው!"

ቨርላ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። አምና ኤልደን ጎማ ፈንድቶበት ቢዘገይ ጨንቋት ደወለች። ሄሊኮፕተር ተነሣ። በዚያች ትንሽ ከተማ የጠፋ ሰው ፈላጊ የሚባለው ጎረቤት ነው፤ መካኒኩ ጋራዡን ዘግቶ፣ ገበሬው ድርቆሹን ሜዳ ላይ ጥሎ ወጣ። ኤልደንን ሲያገኙት መኪናው ላይ ተቀምጦ ሰርዲን ይበላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምግብ ቤት በገባ ቁጥር "ኤልደን፣ ሽንት ቤት ስትሄድ ሄሊኮፕተር እንጥራልህ?" የማይለው የለም። ዕድሜውን ሙሉ የዚያን በረሃ መንገድ በግሬደር ሲጠርግ የኖረ ሰው ነው። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ፤ በኋላ ምግብ ቤቱ መሄድ ተወ። ወንድ ልጅ አንዳንዴ ከሞት ይልቅ ሳቅ ይፈራል፤ ቂልነት ነው፣ ግን እንዲህ ነው።

በዚህ መሐል ሮስኮ ሳያንኳኳ ገባ። ክርክሩን ከደጅ ሰምቶ ኖሯል።

"እመቤቴ ቨርላ፣ ዘንድሮ ሄሊኮፕተሩን ስትልኪ ቀዝቃዛ ቢራም ይጫንበት!"

ራሱ ብቻ ሳቀ። የኤልደን ጆሮ ሲቀላ ቨርላ አየች። ይህን ሰው ያዋረድኩት እኔ ነኝ አለች በልቧ።

"እሺ፤ ሰኞ ቀትር። አንዲት ደቂቃ ቀደም አልልም።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው፤ አሁን ካርታህን ከጠረጴዛው አንሣና ራታችንን እንብላበት።"

እሑድ መሸ፤ የኤልደን መኪና አልመጣም። ቨርላ የጠበሰችውን ድንች ምድጃ ውስጥ መልሳ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። አንሥታ ቁጥሩን ጀመረችው፤ ከዚያ የምግብ ቤቱ ሳቅ በጆሮዋ ሲያቃጭል መልሳ ዘጋችው። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ነው። ጎማ ነው፤ ደግሞ ጎማ ይሆናል እያለች ራሷን ደለለች። ሰኞ ረፋዱን ስልኩን እቅፏ ውስጥ አድርጋ የግድግዳውን ሰዓት ስታይ ቆየች። ቀትር ሲሆን ደወለች።

አመሻሹ ላይ መካኒኩ ኮፍያውን አውልቆ ደጇ ላይ ሲቆም የሚለውን ሳይናገር አወቀችው።

ሮስኮ በሕይወት ተገኝቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ከንፈሩ በጥም ተሰነጣጥቋል። በዚያው ምሽት ቨርላ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እሑድ ጠዋት ሽቅብ ስንወጣ ኤልደንን ድንጋዩ ከዳውና ወደቀ" አላት። "ጭኑ ተሰበረ። ወደ ውስጥ እየደማ ነበር መሰለኝ፣ እየገረጣ ሄደ።"

"አንተስ እግርህ ደኅና አልነበር? ለምን ወጥተህ ሰው አልጠራህም?"

ሮስኮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ልሄድ ተነሥቼ ነበር። እጅጌዬን ይዞ 'የት ትሄዳለህ? ተቀመጥ፣ ብቻዬን አትተወኝ' አለኝ። 'ሚስቴን አላውቃትም እንዴ? ልክ ሲመሽ ትደውላለች' አለኝ። ሌሊቱን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሄሊኮፕተሩ መጣ ይል ነበር። ዛሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው ያረፈው።"

"ቃል አስገብቶኛል እኮ!" አለች ቨርላ። "አንተም ቆመህ ሰምተሃል እኮ፣ ሮስኮ!"

"ሰምቻለሁ" አለ ሮስኮ። "እኔም ቃልሽን ትጠብቂያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"