የእማማ ደብሪቱ የትውልድ ዓመት

እማማ ደብሪቱ ከአረጋውያን ሰልፍ የወጡት ሰው ሁሉ እያየ ነው። በገዳሪፍ የእርዳታ ግቢ የመጋዘኑ ኃላፊ ሙዓዊያ ሱዳናዊ ነው። ከጎንደር ከሚመጡ የእርሻ ሠራተኞች ጋር ብዙ ስለኖረ አማርኛ አያቅተውም፤ «እርስዎ» ማለትን ብቻ አልለመደም። ታብሌቱን አየና፣ «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አንቺ ስልሳ ሁለት ነሽ። ይሄ ሰልፍ ከስልሳ አምስት በላይ ነው» አላቸው።

«ማን ነው ስልሳ ሁለት? ሰባ ሞልቶኛል። ባለፈው እዚሁ ቆሜ ነው የወሰድኩት።»

«ባለፈው ዋሽተሻል። ማሽን አይዋሽም።»

ጎረቤታቸው ባሕሪያ ከኋላ ሳቀች። «ዕድሜ ሲቀነስልሽ ምን ያስቆጣሻል? ጎረቤታችን ደሴም ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ሽማግሌ እንዲልክ እንንገረው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ባዶ ከረጢታቸውን እንደያዙ ከግቢው ወጡ።

የምዝገባውን ፕሮግራም የጻፈው ስንሻው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ማሽን አይዋሽም» የሚለውን ቃል ለሙዓዊያ ያስተማረው እሱ ነው፤ ታብሌቱን ያስረከበው ዕለት፣ በኩራት። አሁን ግን «ቆይ፣ እስቲ ልየው» እንኳ አላለም። ወደ ቢሮው ገባ።

የእማማ ደብሪቱን መዝገብ ፈልጎ አወጣ። 1956 ይላል። ሲመዘግባቸው በገዛ አፋቸው የነገሩት 1948 ነበር። ቀጥሎ ያለውን አየ። የዕፀገነት ሕፃን፣ ደጅ እናቷ ጀርባ ላይ የተኛችው፣ በፋይሉ መሠረት ገና አልተወለደችም።

ስንሻው ለተመዝጋቢ አንድ ክላስ፣ የእያንዳንዱ ሰው መረጃ የሚሞላበት የኮድ ቅርጽ፣ ጽፏል፤ ስም ፊደል፣ የትውልድ ዓመት ደግሞ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል አድርጎ። ከእያንዳንዱ መስክ በላይ ዲኮሬተር የሚባል አጭር ምልክት አለ። መረጃው ከሰላ ላለው ዋና ቢሮ ወደሚላክ ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል ሲቀየር መስኩ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ፋይሉ ሲመለስም እንዴት እንደገና የሰው መዝገብ እንደሚሆን የሚነግረው ይህ ምልክት ነው። ሰዎቹ ዓመታቸውን የሚናገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የከሰላው ኮምፒውተር የሚፈልገው የፈረንጁን። ስለዚህ ስንሻው ሲላክ ስምንት እንዲጨመር በዲኮሬተሩ ላይ ጻፈ። ሲመለስ የሚቀንሰውን ነገ እጨርሰዋለሁ ብሎ ተወው። እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ የራሱንም ልደት በፈረንጅ የሚቆጥር ሰው ነው፤ ነገ ሲመጣ ነገሩ ትዝ አላለውም። ፋይሉ ከከሰላ የተመለሰው ካለፈው እደላ በኋላ ነው። የሄደው ቁጥር ነው፣ የተመለሰውም ቁጥር ነው፤ ፕሮግራሙ ምንም አልጠረጠረም።

የጎደለውን መስመር ሻይ ሳይበርድ ጨመረው። ፊቱ ግን እንደጋለ ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ራሒማ የገላባት ነጋዴ ልጅ ናት። ስትገባ፣ «ምን ነበር?» አለችው።

«ከከሰላ የመጣው ፋይል ላይ ዓመቶቹ ተዛብተው ነበር። አስተካክያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ስንሻው ወደ ስክሪኑ ዞረ። የተናገረው ውሸት አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስጠላው።

በሚቀጥለው እደላ የእማማ ደብሪቱ ስም ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። እሳቸው ግን አልመጡም። ባሕሪያ ከጎኗ ላለችው ሴት፣ «አልቅሳ ነው አሉ ስሟን ያስመለሰችው። ሙዓዊያን በሰው አስለምና» ስትል ስንሻው ሰማት። የእማማ ደብሪቱን ድርሻ ዱቄት በባለሦስት እግር ረክሻ ጭኖ ቤታቸው ወሰደ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ከረጢቱን አዩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«መልሰው» አሉት።

«የእርስዎ ነው፣ እማማ። ስህተቱ ተስተካክሏል።»

«የማን ስህተት?»

«የ... የኮምፒውተር» አለ።

«እንግዲያው ዱቄቱን ለኮምፒውተሩ ስጠው» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ተብዬ ነው የወጣሁት። ዋሽተሻል ከተባልኩበት ቦታ የመጣ ዱቄት ልቀበል?»

«እኔ ነኝ» አለ ስንሻው መሬት መሬት እያየ። «መጨረስ የነበረብኝን ሳልጨርስ ትቼው ነው። እርስዎ አልዋሹም።»

ገመዱን አስቀመጡ።

«የሰደቡኝ ቀን ይሄን ታውቅ ነበር?»

«ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። እርስዎ ከወጡ በኋላ።»

«ዝም አልክ።»

«አዎ።»

ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። «በል ና» አሉት።

ግቢው ሲደርሱ ሰልፉ ገና አላለቀም ነበር። ስንሻው ወደ ሙዓዊያ ተጠግቶ በዝግታ፣ በዓረብኛ ማስረዳት ጀመረ። ሲያፍር ዓረብኛው ይቀድመዋል፤ ደግሞም ከሰልፉ ውስጥ ብዙው ሰው ዓረብኛ በደንብ አይገባውም።

«በአማርኛ» አሉ እማማ ደብሪቱ ከኋላው። «የተሳቀብኝ በአማርኛ ነው።»

ስንሻው ዞረ። ከፊቱ ያሉት ሁሉ አባቱን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። «የእማማ ደብሪቱ ዓመት የተበላሸው በእኔ ነው» አለ። «ማሽኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጎዶሎ አድርጌ ነው የሠራሁት። ስማቸው ሲጠፋም አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ሙዓዊያ ታብሌቱን ብብቱ ሥር ያዘና፣ «መዓሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ኻልቲ። ከሰልፉ ፊት ግቢ» አላቸው።

እማማ ደብሪቱ አልገቡም። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«ባሕሪያስ?»

«ወስዳ ሄዳለች» አለ አንዱ።

«ቤቷን አውቀዋለሁ፤ እሷም ትስማ» አሉና የስንሻውን ክንድ ያዙ።