የተኛው ገርዱድ

ከልቱም ከገርዱዱ ዳር ብቻዋን መኖር ከጀመረች ሰባተኛ ክረምቷ ነበር። ሌላው ሰው አንድ በአንድ ወደ አሸዋው ተሻግሯል። እዚያ ሞተር ያለው ጉድጓድ አለ፣ ሱቅ አለ፣ መሬቱም ለስላሳ ነው፤ ዘሩን በእግር ጣት ቢቀብሩት ይበቅላል። ገርዱዱን፣ ይህን ድንጋይ መሰል መሬት፣ ግን የሚወደው የለም። ቀይ ነው፣ ድርቅ ያለ ነው፣ በበጋ ዶማ ሲያርፍበት የብረት ድስት የተመታ ይመስል ይጮኻል። ዝናብ ሲመጣም ውሃውን አይጠጣም፤ ላይ ላዩን አንሸራትቶ ይሸኘዋል። ጨክኖ የሚቆፍረው ቢገኝ እንኳ ሁለት ጣት ያህል ይለሰልስለትና ፀሐይ በነካው ማግስት ቅርፊት ሠርቶ ይዘጋል። ከሥሩ የበቀለ ቡቃያ አንገቱን እንደደፋ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ እንዲህ ያለ መሬት ላይ ምን ትሠራለች የሚል ካለ፣ ከልቱም መልስ ነበራት። ባሏ ረሕማና ጎረቤታቸው አዶማ በወጣትነታቸው ነገሩን ገልብጠው አዩት። ውሃ የማይጠጣ መሬት ውሃ ይሰጣል አሉ። የላይኛው ገርዱድ የአዶማ ነበር፤ እሱን ዶማ ሳይነካው፣ ሣር ሳይበቅልበት፣ ባዶውን ሊተዉት ተስማሙ። ከሥሩ በረሕማ መሬት ላይ ደግሞ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የአፈር ክትር ሠሩ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከላይ የተንሸራተተው ውሃ ደለሉን ይዞ ክትሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማሽላው የሰው ቁመት አልፎ ይሄዳል። ሁለቱ ቤተሰቦች የታችኛውን አብረው ያርሱ፣ ከአንድ ገበታ አብረው ይበሉ ነበር። የላይኛውን መሬት «የተኛው» ብለው ጠሩት።

አዶማ ሚስቱ ስትሞትበት ትንሽ ልጁን ይዞ ወደ ኤል ኦቤይድ ከተማ ገባ፤ ከሄደ ሃያ ዓመት አለፈው። ኋላም ረሕማ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከልቱም ክትሩን በየዓመቱ ብቻዋን ትጠግናለች፣ ከተኛው መሬት ላይ የበቀለችውን ሣር ሁሉ እያጎነበሰች ትነቅላለች፣ ማሽላዋን ታስገባለች። እህል አላጣችም። የሚያናግራት ሰው ስታጣ ግን ከድስቷ ጋር መጣላት ጀምራ ነበር። ነገሩን ማድበስበስ አያስፈልግም፤ ሰው ናፍቋት ነበር።

የዚያን ዓመት የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል፣ አንድ ወጣት አህያ እየነዳ መጣ። አህያው ላይ ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ሰላም አሌኩም ኻልቲ፣ አክስቴ። የአዶማ ልጅ ነኝ፣ ደልዱም። ያስታውሱኛል?»

«አፍንጫህ መች ያስረሳል! የአባትህን አፍንጫ እንዳለ ተሸክመህ መጣህ እኮ።» ከልቱም ወደ ሕፃኗ ዞረች። «ለዚችስ አላወረስካትም አልሐምዱሊላህ!»

«እኔ ነኝ ያስጣልኳት ኻልቲ» አለች ነዲፋ፣ ሚስትየው፣ ከአህያው እየወረደች። «ብዙ ለምኜ ነው።»

ከልቱም ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ከዚያ ደልዱም አባቱ ማረፉን ነገራት። እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ አነበቡ፤ ከልቱም በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ሊሞት ሲል» አለ ደልዱም፣ «‹መሬታችን ተኝቷል፣ ከልቱም ዘንድ ሂድ› አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያረፈ መሬት! ዘንድሮ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ።»

ከልቱም ክው አለች። አሸዋው ላይ የተኛ መሬት ማለት ሌላ ነው። እዚያ እርሻውን ለግራር ትተው ያሳርፉታል፤ ዓመታት ቆይቶ የሚከፍተው ሰው እጥፍ ያፍሳል። የገርዱዱ እንቅልፍ ግን ለሁልጊዜ ነው። ከነቃ የክትሩ ውሃ ይቀራል።

«ደልዱም፣ ልጄ…»

«አቤት ኻልቲ?»

ቃሉ ከንፈሯ ላይ ነበር። ግን የአባትህን መሬት እንዳትነካ ብላ በመጣበት ሰዓት ብትነግረው፣ እዚህ ምንም የለህም ማለቷ ሆኖ ታያት። ይህ ሰው አህያውን አዙሮ ይሄዳል። ሕፃኗን አየች። አህያው ላይ የታሰረውን ምንጣፍ አየች።

«…መንገድ ደክሟችኋል፣ ውሃ ጠጡ» አለች።

ጎጇቸውን ከቤቷ አጠገብ አቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነች። ነዲፋ ከተሜ ናት፣ አፏ አያርፍም። አንድ ቀን ከልቱምን እግሯ ሥር አስቀምጣ ፀጉሯን ልትሠራት ጀመረችና፣

«ኻልቲ፣ ይሄን ፀጉር ማን ተጣልቶብሽ ነው?» አለቻት።

«ከባሌ ሞት ወዲህ ሰው አልነካውማ።»

ነዲፋ ቀልዷን አቁማ ቀስ እያለች ጎነጎነችላት። ከልቱም ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። የሰው ጣት ራሷ ላይ ሲመላለስ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስታው ነበር።

ማታ ማታ ከአንድ ገበታ አሲዳ፣ የማሽላ ገንፎ፣ ይበላሉ። ደልዱም እየቆረሰ፣ «ኻልቲ፣ የአንቺን አሲዳ ክትሩ ላይ ብትለስኚው ውሃ ዘላለም አያልፈውም» ይላል። እሷም፣ «ጥርስህ ነው እንጂ ከተማ ገብቶ የሰነፈው» ትለዋለች። ክትሩ በተነሣ ቁጥር ነገ እነግረዋለሁ ብላ ታድራለች። ነገ ሲሆን ደግሞ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ተኝታ ትገኛለች፤ ማን ይነሣል።

ደልዱምም ክትሩን እየዞረ ያያል፣ ደለሉን በእጁ ያፍሳል፣ የሆነ ነገር የሚጠብቅ መስሎ አጠገቧ ይቆማል። ከልቱም ያን ጊዜ ወሬ ትቀይራለች።

ዝናቡ መጣ። ገርዱድ ላይ ሥራ የሚሠራው ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጀራያው፣ አጭሩ መቆፈሪያ፣ ይነጥራል። ደልዱም በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጣ። ከልቱም የመጀመሪያዋን ምት ከቤቷ ሆና ሰማች። ተነሥታ የራሷን ጀራያ አነሣችና ተከተለችው።

እስቲ ይህን ምን ይሉታል? አርባ ዓመት ከአንዲት ሣር ስትጠብቀው የኖረችውን መሬት በገዛ እጇ ትቆርሰው ጀመር። ዝም ካልኩ አይቀር ልርዳው ብላ ይሆናል። ወይም አብሮ መሥራት ናፍቋት ይሆናል።

«ኧረ ተይ ኻልቲ፣ ወገብሽን!»

«ወገቤን ለማን ልቆጥበው?» አለችው። እውነቷን ነበር።

ሦስቱን ቀን ጎን ለጎን ሠሩ፤ ነዲፋ ከኋላ ማሽላ እየዘራች ተከተለቻቸው። ሕፃኗ ከጥላ ሥር ታለቅስና ሦስቱም በአንድ ጊዜ «መጣሁ!» ይላሉ። ከልቱም በእነዚያ ሦስት ቀናት ደስተኛ ነበረች፤ በደስታዋም አፈረች።

ሁለተኛው ዝናብ ከዐሥር ቀን በኋላ ወረደ፤ ከባድ ነበር። ከልቱም ክትሩ አፍ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሌላ ጊዜ ውሃው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። አሁን ዝናቡ አባርቶ ወፎች መንጫጫት ሲጀምሩም ምንም አልመጣም። ውሃው በላይኛው መሬት ቁፋሮ ውስጥ በየጉድጓዱ ታቁሮ ቀረ። ፀሐይ ወጣችና በሁለት ቀን መጠጠችው፤ ለታችኛውም ለላይኛውም ሳይሆን ባከነ።

በሳምንቱ ደልዱም ከእርሻው ቅርፊት አንሥቶ አየ። ከሥሩ ቡቃያው ነጭ ሆኖ ተጣጥፏል። ሌላ ቦታ አነሣ፤ ያም እንደዚያው። ቅርፊቱን ጥሎ ከልቱም ወዳለችበት ወደ ክትሩ ወረደ። በክትሩ ግድግዳ ላይ ያለፉት ዓመታት ውሃ የተወውን መስመር አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቁልቁለቱን አየ።

«ኻልቲ፣ ለዚህ ክትር ውሃው ከየት ነበር የሚመጣው?»

«ከላይ።»

«ከእኛ መሬት?»

«አዎ።»

«እያወቁ ነው?»

አንቺነቷ በዚያች ቃል አበቃ። ከልቱም ሰማችው።

«እያወቅሁ ነው» አለች። «ከነገርኩህ ትሄዳላችሁ ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን ሰባት ዓመት ነው ልጄ። ነዲፋ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ እቺ ልጅ ጭኔ ላይ ስትተኛ… አቃተኝ።»

ደልዱም አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። የክትሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያወራው ስለዚህ ክትር ነው። ከረሕማ ጋር ስላረሱት፣ አብረው ስለበሉት። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገረኝም። የላይኛውን ጠንካራነት መች አጣሁት? እኔ የመጣሁት ለታችኛው ነበር። የመጀመሪያ ቀን እቀሰቅሰዋለሁ ያልኩት ለማኝ እንዳልመስል ነው። ሰው በሰው እርሻ ላይ ልግባ ብሎ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ነው ‹ጀራያህን አምጣ› የሚለው። በየቀኑ እስኪሉኝ አጠገብዎ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝም ሲሉ፣ ክትሩን ሊያካፍሉኝ አልፈለጉም ብዬ ድንጋዩን ልቆፍር ወጣሁ።»

ከልቱም ክትሩ ላይ እሱ አጠገቧ የቆመባቸው ቀኖች አንድ በአንድ መጡባት። ወሬ የቀየረችባቸው ሁሉ።

በማግስቱ ጎጇቸውን አፈረሱ። አሸዋው ገና ለጥቂት ቀናት ዘር ይቀበላል፤ ሕፃን ያለው ሰው አይጠብቅም። የተረፋቸውን ዘር አህያው ላይ ሲጭኑ ከልቱም መጥታ ደልዱም ፊት ቆመች።

«ጀራያህን አምጣ» አለችው። «የታችኛው የሁላችንም ነው። ጀራያህን አምጣ ልጄ።»

ደልዱም ገመዱን ማጥበቁን ተወ።

«ይንገሩኝ እስቲ ኻልቲ» አለ በቀስታ፣ «ውሃው የት አለ?»

የተቆፈረ ገርዱድ ጉድጓዱ ሁሉ ተደፍኖ ተመልሶ እስኪደነድን ስንት ክረምት እንደሚፈጅ እሷ ታውቃለች፤ የእሷ ዕድሜ እንደማይበቃም ታውቃለች።

ነዲፋ ሕፃኗን ወደ ከልቱም አስጠጋቻትና ጉንጯን አሳመቻት።

«በበጋ እንመጣለን ኻልቲ፣ እንጠይቅሻለን» አለች።

«ኢንሻአላህ» አለች ከልቱም።

በበጋ ወደ ገርዱድ የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሦስቱም ያውቁ ነበር።