የአርባዎቹ ሣጥኖች ልክ

ጎረቤቴ አናጢ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ሚሊሜትር» ይለዋል፤ ከኋላው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊቱም። የሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት መቃኑን በዓይኑ ይለካል። አንድ ጊዜ በሽተኛ ልንጠይቅ አብረን ሄደን፣ ሰውዬው እያቃሰተ እሱ ጎንበስ ብሎ የአልጋውን እግር አየና «ይሄ እኮ በአንድ ጣት ዘንበል ብሏል፤ እንዴት አድርጎ ይሻልሃል?» አለው። ከዚያ ወዲህ በሽተኛ የምጠይቀው ለብቻዬ ነው።

የእኔን ልብስ ስፌት ቤትና የእሱን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው። ሚስት አላገባም። ወላጆቹ ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ ወንድሙን ያሳደገው እሱ ነው፤ መላጊያው የጣለው ፍቅፋቂ ላይ እያስተኛ፣ ሌላው ሰው ከሚያርፍበት ሰዓት እየሰረቀ ሠርቶ እያስተማረ። ልጁም አላሳፈረውም፣ ዕቃ ላኪ ሆነ። መጋዘን አለው፣ መኪናው የእኛን መንገድ ይሞላል። በሳምንት አንድ ቀን ግን ምሳውን እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ ሣንቃ ላይ ተቀምጦ፣ ከወንድሙ ጋር ይበላ ነበር። ጋሼ ሚሊሜትር ሌላውን ቀን የሚኖረው ለዚያች ምሳ ነው ብል አልዋሸሁም።

ባለፈው ዓመት ወንድሙ አርባ ሣጥን አዘዘው። «የውኃ ቧንቧ ዕቃ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይጋጭብኝ» ብሎ ከካርቶን የተቆረጠ ቅርጽ ሰጠው። ጋሼ ሚሊሜትር በቅርጹ ልክ፣ በየሣጥኑ ውስጥ ዕቃው የሚተኛበትን ጎድጓዳ በመሮ ፈለፈለ። እኔ ደግሞ ውስጡን የሚያለብሰውን ወፍራም ጨርቅ ሰፋሁለት። «ለቧንቧ ፍራሽ ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው» ብዬ ስቄበታለሁ። አሁን ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ እፍረቱን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ዘንድሮ አንድ ረፋድ ላይ ሁለት መርማሪዎች መጡ፤ አንዲት ባለመነጽር ሴትና አንድ ዝምተኛ ሰውዬ። ሴትየዋ ፎቶ አወጣች። ክዳኑ የተከፈተ ባዶ ሣጥን ነው።

«ድንበር ማዶ ባለው አገር ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ አለ» አለች። «ወደዚያ መሣሪያ መላክ ክልክል ነው። ይሄ ሣጥን ግን ጠመንጃ ይዞ ገብቷል። አናጢውን ሁሉ እየዞርን እየጠየቅን ነው፤ የሠሩት እርስዎ ይሆኑ?»

ሣጥኑ ላይ ስም የለ፣ ምልክት የለ። «አላውቀውም» ቢል ማንም አያስገድደውም። እኔ ሁለት እንግዳ ሳይ አላስችል ብሎኝ መጥቼ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ እግሩን ረገጥ አደረግኩት።

ዝምተኛው ሰውዬ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ጀመረ። «የውስጥ ርዝመቱ መቶ ሃያ ሴንቲ ሜትር…»

«መቶ ሃያ?» አለ ጋሼ ሚሊሜትር፣ እናቱን እንደተሰደበ ሰው። «ማነው የለካው? መቶ አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ ነው!»

ሰው በገዛ አፉ ራሱን እንዲህ ሲቸነክር አይቼ አላውቅም።

«ማን አዘዘዎት?» አለችው ሴትየዋ፣ በቀስታ።

ወደ መላጊያው ዞረ። «ነገ ተመለሱ።»

«አባቴ፣ እኛ እርስዎን አይደለም የምንፈልገው። ያዘዘው ሰው ስሙ ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ከአገር አይወጣም፣ ባንክ ያለው አይንቀሳቀስለትም፣ አብሮት የሚነግድ አይኖርም። ነገ እንመለሳለን።»

ወሬው በምን እንደደረሰው እንጃ፣ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ መጣ። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ያዘዘኝ የማላውቀው ሰው ነው በላቸው። አለቀ።»

«ቧንቧ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ቧንቧም አለበት።»

«ቧንቧ ቃታ አለው?»

ወንድሙ ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «እኔ ባልልክ ሌላው ይልካል። ልጆቼን አስብ እንጂ። አንተ እኮ አባቴ ነህ።» ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ አንቺስ ምከሪው!»

«እኔ የቧንቧ ፍራሽ ሰፊ ነኝ፤ ምክር አልሰፋም» አልኩት። ማንም አልሳቀም።

ሲሄድ ጋሼ ሚሊሜትር ደጁ ላይ ቆሞ መኪናው እስክትሰወር አየ። «እሱን አሳልፌ ከሰጠሁ ማን ይቀረኛል?» አለኝ።

«እንግዲያው አትስጠው» አልኩት። ይኸው እናገራለሁ፤ ዋሽ ያልኩት እኔም ነኝ።

በማግስቱ መርማሪዎቹ በሰዓታቸው መጡ። ጋሼ ሚሊሜትር እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትምህርቱን በቃሉ እንደያዘ ተማሪ አነበነበው፦ «ያዘዘኝ የማላውቀው ሰው ነው። መልኩንም አላስታውስ።»

ሴትየዋ አመነችውም አላመነችውም፣ ጻፈች። ደብተሯን ዘጋች። ተነሥተው በሩ ላይ ደረሱ። አልቆ ነበር።

«ቆዩ እስቲ» አለ ጋሼ ሚሊሜትር። «ያ መቶ ሃያ ብሎ የለካው ግን ባለሙያ ነው?»

ተው አንተ ሰው! አልኩ በሆዴ። ለካ ያቺ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከትናንት ጀምራ እንደ እሾህ ተሰክታበታለች።

ሴትየዋ ተመልሳ ተቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች።

«ባለሙያ አይደለም፣ አባት ነው። ጠመንጃው የደረሳቸው ሰዎች የእሱን መንደር ከመቱ በኋላ ባዶዎቹን ሣጥኖች ትምህርት ቤቱ ግቢ ጥለዋቸው ሄደው ነበር። ለመቅበሪያ የሚሆን ሣንቃ ጠፋ። የስምንት ዓመት ልጁን በገመድ ለካው፤ በዚያው ገመድ ሣጥኑን ለካ። መቶ ሃያ ያልነው የሱን ገመድ ነው። በፎቶው የሚያዩት ሌላ ሣጥን ነው። ያኛው ከልጁ ጋር ነው።»

ጋሼ ሚሊሜትር መለኪያ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ፤ መልሶ ከተተው።

«ልጁ ገባ?» አለ።

«ገባ።»

«ጎድጓዳውስ? አልቆረቆረውም?»

ሴትየዋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ጨርቅ ነበረበት» አለች።

ጨርቁ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የሰፋሁት።

«ያዘዘኝ ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ ጋሼ ሚሊሜትር። ስሙን እስከ አያታቸው ድረስ ጠራላቸው፤ የመጋዘኑን ቦታ ነገራቸው፤ ዕቃው የተጫነበትን ቀን ነገራቸው። ፈርሞ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አልመለሰም። «እኔንም ጻፉኝ» አለ።

«አባቴ፣ እርስዎ አላወቁም እኮ።»

«አርባ ጊዜ ስፈለፍል አንድ ጊዜ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ጻፉኝ።»

አልጻፉትም።

ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩ በሬዲዮ ተነበበ። የወንድሙ ስም ከሁለት የጦር አዛዦች ስም መሐል ተቀምጦ ሲሰማ ጋሼ ሚሊሜትር መጋዙን አስቀምጦ ሱቁን ዘጋ። በሳምንቱ ወንድሙ መጣ፤ በእግሩ ነበር የመጣው። ከስቷል። አንድ ወረቀት ዘረጋ።

«ስም ማሰረዣ ማመልከቻ ነው። ‹ተሳስቼ ነው፤ ሣጥኖቹ የእኔ ሥራ አይደሉም› ይላል። ፈርምልኝ።»

«ልጁንስ ምን ልበለው?»

«የቱን ልጅ?» አለ ወንድሙ። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ያሳመመውም እሱ ነው።

ጋሼ ሚሊሜትር ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ወንድሙ ቢጮህ፣ መሮ ቢወረውር ይሻል ነበር። «እንግዲህ አሳዳጊ የለኝም» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሒሳብ መልስ። ወጣ። ምሳም ቀረ፣ አልፎ አልፎ የሚጠይቁት ልጆቹም ቀሩ።

ጋሼ ሚሊሜትር ግን ቤቱ ድረስ ይሄዳል። «እሱ ይቀር፤ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ» ይላል። ጉልበቱን ስለሚያመው ዛሬ አብሬው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እንዲስቅ ብዬ የማላውቀውን ወሬ ሁሉ አወራሁለት፤ «እህ» ብቻ ይላል።

ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ጌታዬ የሉም» አለን፣ መሬት መሬቱን እያየ። ምስኪን፣ ውሸት አያውቅበትም። ከኋላው መኪናው አቧራ ለብሳ ቆማለች። ከአገር አይወጣ፣ ሥራ የለው፣ ሰውዬው የት ሊሄድ ነው?

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ጋሼ ሚሊሜትር ጆሮውን ወደ በሩ አዘነበለ።

«እሱ ነው» አለኝ። «ከልጅነቱ እንዲህ ነው የሚያስለው። ደረቱ ብርድ አይችልም።»

ከዚያ ዘበኛውን «ደረቱን ይሸፍን በልልኝ» አለው። ዘበኛው እሺ አለ፣ በሩን ቶሎ ሊዘጋውም አልደፈረም። እዚያው ቆመን ሳሉ እስኪተወው ጠበቅን።