የማደባለቂያው ጭረት

ፊደል ቀራጯ ጭረት አትወድም። አለመውደድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጭረት ስታይ ሰውነቷን ያሳክካታል። የበር ላይ ስም ይሁን የማሽን ምልክት፣ ከእጇ የወጣ ፕላስቲክ ካላብረቀረቀ ምግብ አይበላላትም። ታናሽ ወንድሟ፣ «እታለም፣ አንቺ እኮ የሰው ጠባሳ ብታገኚም በጥርስ ሳሙና ትፈትጊያለሽ» እያለ ይስቅባታል።

ይህን ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ቀጭንና ቀልጣፋ ስለሆነ ሰው ሁሉ ቁንጫ ይለዋል። ከቤቷ ፊት ለፊት ያለውን የሳሙና ፋብሪካ ትልቅ ማደባለቂያ ውስጡ ገብቶ የሚያጥበውም በዚሁ ቅጥነቱ ነው፤ በዚያች ጠባብ አፍ ሌላ ሰው አያልፍም። ማደባለቂያው ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሳሙናው እንዳይደርቅ ተብሎ በየመሀሉ በራሱ ተነስቶ ይዞራል። ስለዚህ ቁንጫ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው ላይ ካለው የብረት ሳጥን መብራቱን ማጥፋት አለበት። ሳጥኑ ላይ ቁርጥ መንታ የሚመስሉ ሁለት እጀታዎች አሉ፤ የግራው የማደባለቂያው፣ የቀኙ የውሃ ፓምፑ። የሚለያቸው በላያቸው የታሰረው የእሷ ጽሑፍ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«ነገ እንግዶች አሉብን። እነዚያን ጽሑፎች አሳምሪያቸው፤ አንዱማ ተጭሯል።»

እውነቱን ነው። ቁንጫ ድሮ ሲያስረው ካቻቢቴው አምልጦት «ማደባለቂያ» የሚለውን ፕላስቲክ ጫረው፤ ጭረቱ ፕላስቲኩን አልፎ እታች ያለውን የሳጥኑን ብረት ሳይቀር ተልትሎታል። ያኔ ሳምንት ሙሉ ስትነዘንዘው ነበር።

ሁለቱን ፕላስቲኮች ፈታች፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተች፣ መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ገባች። ለስላሳ ጨርቅ ላይ ነጭ የጥርስ ሳሙና ጠብ አድርጋ በክብ በክብ ታሽ ጀመር። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ነው፤ ትንሽ ከጠነከሩበት ቀዩ ተገፍፎ ነጩ ያገጥጣል። እሷ ግን እጇ ያውቅበታል። ጭረቱ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች፣ ዘይት ነካ አደረገችበት፣ አበራ። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስተኝታ እንደ ልጆቿ አየቻቸው።

ከምሳ በፊት ተመልሳ አሰረቻቸው። የብረቱን ጭረትም በዚያው ጨርቅ ሞከረችው፤ ወይ ፍንክች! ቦርሳዋ ውስጥ ብርማ የጥፍር ቀለም ነበራትና ልትሸፍነው ብልቃጡን ከፈተች። ደርቋል። «ተወው፣ ብረት ነው» ብላ ወጣች።

ቤቷ ጨርቁን እያጠበች ነው ነገሩ የመጣባት። ከጨርቁ የብረት እድፍ ሲወጣ አይታ ፈገግ አለች። ያቺ ግትር ጭረት! ቀጥ ብላ ወርዳ «ፓምፕ» ከሚለው ሥር...

እጇ ውሃው ውስጥ ቀረ።

ጭረቱ ያለው ከማደባለቂያው ሥር ነው። ከፓምፕ ሥር ጭረት ኖሮ አያውቅም። ታዲያ አሁን እንዴት ከፓምፕ ሥር አየችው?

አቀያይራቸዋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን የሚለቀም ነገር አይደለም። ቁንጫ ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን አውልቆ «ማደባለቂያ» የሚለውን ያጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ፓምፑ ነው። ከዚያ ይገባል። ደወለች፤ አያነሳም። ስልኩን ልብስ መቀየሪያው ጋ ትቶ ነው የሚገባው። ሮጠች። በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በአንዱ ባዶዋን፣ እርጥቡን ጨርቅ እንደጨበጠች።

የበሩ ዘበኛ ሳቀ። «እትዬ፣ ምን ውሻ አባረረሽ?»

«ወንድሜ! ወንድሜ ገብቷል?»

«አሁን ከምሳ ተነሳ። ሆዱ ሞልቶ በዚያች አፍ ካለፈ...»

ገፍትራው አለፈች። አዳራሹ ጭር ብሏል። ከመሰላሉ ሥር የቁንጫ ጫማ ተቀምጧል፤ ካልሲው እንደ ልማዱ ውስጡ ተጠቅልሏል። «አንተ! ውጣ!» ልትል አፏን ስትከፍት ማደባለቂያው አጉረመረመ። ከዚያ ዞረ።

የጮኸችው ጩኸት የራሷ አልመሰላትም። መሬቱ ላይ ተቀመጠች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ እናቷ ይህን ስትል እንኳ እሷ ጆሮዋን ትደፍን ነበር። በገዛ እጄ፣ አለች፣ በጥርስ ሳሙና ገደልኩት።

«እታለም?»

ሳጥኑ ካለበት ከማደባለቂያው ጀርባ በባዶ እግሩ ብቅ አለ። ካቻቢቴ ይዟል።

«ምን ሆነሽ ነው? ማነው ይሄ ዕውር ጽሑፉን ያቀያየረው? ላጠፋ ስል እንደ ሁልጊዜዬ አውራ ጣቴን ጭረቷ ላይ ሳሳርፍ የለችም! ሳያት ከ«ፓምፕ» ሥር ሆና...»

ተነስታ ደረቱን በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ከዚያ አንገቱን አንቃ አለቀሰች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ዕውሯ እኔ ነኝ። ያቺንም ልሸፍናት ነበር። ቀለሙ ደርቆብኝ ነው።»

ቁንጫ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ማደባለቂያው ዞሮ ዞሮ ቆመ።

ጽሑፎቹን ፈትታ ወደየቦታቸው መለሰች፤ ሦስቴ አነበበቻቸው። «ማደባለቂያ» እንደ አዲስ ያበራል፤ አንድ እንከን የለበትም። ቆማ አየችው። ከዚያ ካቻቢቴውን አጥብቃ ያዘችና ከፊደሉ መሀል ጀምራ እስከ ብረቱ ጭረት ድረስ፣ ነጩ እስኪወጣ፣ ወደ ታች ተለተለችው።

«እንግዶቹስ?» አለ ቁንጫ።

«ይዩት» አለች።